ወልደ አዴርን የገደለው ትንቢቱ ነው ወይስ አዛሄል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አዛሄል በሶርያ እንደሚነግሥ እግዚአብሔር አስቀድሞ ተናግሯል። ታዲያ ጌታውን ገድሎ ቢነግሥ ለምን ይኮነናል? አንድ ሰው «በአለቃህ ወንበር ትቀመጣለህ» የሚል ትንቢት ከነገረኝ ወዲህ፣ አለቃዬ በታመመ ቁጥር ልቤ የሚሞትበትን ቀን ሲቆጥር አገኘዋለሁ። ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሳትደብቅ መናገርህ ራሱ የንስሐ ጅማሬ ነው። እስቲ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 8ን ቀስ ብለን እንየው።

የሶርያው ንጉሥ ወልደ አዴር ታሞ ተኝቷል። አዛሄል የአርባ ግመል ጭነት ገጸ በረከት ይዞ «ጌታዬ ከሕመሙ ይድናል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅለት ወደ ኤልሳዕ መጣ። ነቢዩ ትክ ብሎ አየውና አለቀሰ፤ በእስራኤል ሕፃናትና እርጉዞች ላይ የሚያደርሰውን ግፍ ነገረው። አዛሄልም ውሻ የሆንሁ ባሪያህ ይህን የማደርግ ማን ነኝ አለ። ያን ጊዜ የዋሸ አይመስለኝም። ልቡ ውስጥ ያለውን ገና አላየውም ነበር።

«ትነግሣለህ» የሚለውን ከሰማ በኋላ ግን ወደ ጌታው ተመልሶ «ትድናለህ ብሎኛል» አለው። ኤልሳዕ ንጉሡ እንደሚሞት የነገረውን ግን ዋጠው። በነጋውም ወፍራም ጨርቅ በውኃ ነክሮ በበሽተኛው ፊት ላይ አለበሰው፤ ሞተም።

ኤልሳዕ «ትነግሣለህ» አለ እንጂ «ጨርቅ ንከር» አላለም። የእግዚአብሔር ማወቁ ማስገደድ አይደለም። ጌታ ለጴጥሮስ እንደሚክደው ነግሮታል፤ ጴጥሮስን ያስካደው ግን ፍርሃቱ ነው። አዛሄልንም ቅዱስ ያዕቆብ እንዳለው የገዛ ምኞቱ ፀንሳ ኃጢአትን ወለደችበት።

ዳዊትም እኮ ሳኦል ገና በዙፋኑ ሳለ ሊነግሥ ተቀብቶ ነበር። ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ላይ ሲወድቅለት ሰዎቹ ያሉትን ታስታውሳለህ? እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ዛሬ ነው አሉት። እኔን ከአዛሄል ጨርቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ንግግር ነው፤ የግድያ ምክር የእግዚአብሔርን ቃል ለብሶ ሲመጣ። ዳዊት የቆረጠው የልብሱን ጫፍ ብቻ ነበር፤ ለእርሷም እንኳ ልቡ መታው። መንግሥቱን ከሰጪው እጅ ጠበቀ።

የተነገረህን ቃል ለንስሐ አባትህ አቅርብ፤ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ተብለናልና። «መቼ ይሆን?» ብለህ ዳግመኛ ወደዚያ ሰው አትመለስ። ሳኦል እግዚአብሔር ዝም ቢለው መናፍስት ጠሪዋን ፍለጋ በሌሊት እስከ ዓይንዶር ሄዷል። በጸሎትህ ጊዜ የአለቃህን ስም ጠርተህ እንዲድን ለምንለት፤ መጀመሪያ ላይ አፍህ ብቻ ቢናገረውም አታቋርጥ። ታሞ ሲተኛም ሄደህ ጠይቀው። ማወቅ የሚገባው የሥራ ጉዳይ ካለ፣ ግማሹን ሳታስቀር ንገረው።