የሴቶች ቼዝ ሻምፒዮና ማሳነስ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። የ11 ዓመት ልጅሽ እዚህ ጎንደር ቼዝ መለማመድ ጀምራለች። አንቺ የሴቶች ውድድር ላይ ልታስመዘግቢያት አስበሻል። አባቷ ደግሞ «ለብቻ ማድረጉ ማሳነስ ነው፤ ከወንዶቹ ጋር ትጫወት» አለሽ። የሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣም ጠይቀሻል። ሴት ልጆችን ቼዝ ሳስተምር ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። መልሴ ግን ሁለቱም ላይ ትጫወት ነው። መጀመሪያ በሴቶቹ።

አባቷ የሚለው ነገር ገብቶኛል። ቼዝ ጉልበት አይጠይቅም፤ ታዲያ መለየቱ ለምን አስፈለገ? እኔ እንዳየሁት ችግሩ ያለው ሰሌዳው ዙሪያ ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር እናስተምርበት በነበረ ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ አገጯን በእጇ ይዛ ታስባለች። ሰዓቷ እየሄደ ነው። ጨዋታውን ይዛዋለች፤ አንድ ፈረስ ትበልጣለች። ከኋላዋ የቆመ ልጅ፣ ተጋጣሚዋ እንኳን ያልሆነ፣ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ንግሥቷን አነሳና «እዚህ ነው እንጂ!» ብሎ አስቀመጠላት። ክፋት የለውም፤ ሊረዳት ነው። ለወንድ ልጅ ግን እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ልጅቷ ንግሥቷን ወደ ቦታዋ መለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ነበር የምታየው። ጨዋታውንም ተሸነፈች።

የሴቶች ውድድር ላይ እንዲህ ዓይነት እጅ የለም። ብታሸንፍም ብትሸነፍም የራሷ ነው። ለአንድ ጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ታሪኩ ልምጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዞች የሴቶች ሻምፒዮናቸውን በ1904 ሄስቲንግስ ከተማ ላይ ጀመሩ። ሶቪየት ኅብረት በ1927፣ አሜሪካ በ1937 ተከተሉ። የሶቪየቱን የመጀመሪያ ዋንጫ የወሰደችው ኦልጋ ሩብትሶቫ በ1956 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ልጇ ኤሌና ደግሞ በ1974 ያንኑ የእናቷን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈች። በየዓመቱ የሚጠበቅ ውድድር ባይኖር ኖሮ ጨዋታው እንዲህ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገር ነበር ብዬ አላምንም።

ለጥያቄሽ በጣም የሚቀርበው ግን የህንድ ታሪክ ነው፤ ባለቤትሽም ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። የህንድ የሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1974 ሲጀመር ያሸነፈችው ቫሳንቲ ካዲልካር ናት። ቀጥሎ እህቷ ጃይሽሪ፣ ከዚያ ትንሿ እህታቸው ሮሂኒ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ዋንጫውን ከነዚህ ሦስት እህቶች ቤት ያስወጣ አልተገኘም። ሮሂኒ ብቻዋን 5 ጊዜ አሸንፋለች።

ታዲያ ይህች ሮሂኒ በ1976፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በወንዶቹ ብሔራዊ ሻምፒዮና ላይ ተሰለፈች። ከዚያ በፊት አንዲት ህንዳዊት እንኳን እዚያ ተጫውታ አታውቅም። ጩኸት ተነሳ። አባቷ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ዝም አላለም፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በመጨረሻ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ማክስ ኡቬ ሴቶችን ከብሔራዊም ሆነ ከዓለም አቀፍ ውድድር ማገድ እንደማይቻል ወሰነ።

ይህ ኡቬ ማን መሰለሽ? ከ1935 እስከ 1937 የወንዶቹ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሆላንዳዊ ነው። እሱ ራሱ ግን የመጀመሪያዋ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን (በ1927) በሆነችው በቬራ ሜንቺክ ተሸንፏል። በእሷ የተሸነፉ ወንዶች «የቬራ ሜንቺክ ክለብ አባል» ይባሉ ነበር፤ ኡቬም ከነሱ አንዱ ነው። ሴት ምን ማድረግ እንደምትችል ከሰሌዳው ማዶ ተቀምጦ ያየ ሰው ነው ያን ውሳኔ የሰጠው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ልብ በይ፤ ሮሂኒ አንዱን መርጣ ሌላውን አልተወችም። ከወንዶቹ ጋር በተጫወተችበት በዚያው ዓመት የሴቶቹንም ዋንጫ ወስዳለች። ፍሬውም እስከዛሬ ይታያል። በ2025 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተገናኙት ኮኔሩ ሃምፒና ዲቭያ ዴሽሙክ ሁለቱም ህንዳውያን ናቸው። ያሸነፈችው የ19 ዓመቷ ዲቭያ በ2022 የሀገሯ የሴቶች ሻምፒዮን ነበረች።

እኛስ ብንሆን ለጨዋታው እንግዳ አይደለንም። ሰንጠረዥ፣ የአገራችን የድሮ ቼዝ፣ በመኳንንቱ ቤት ሲጫወቱት የኖረ ነው፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ የሚባል ክፍልም አለው። የዚሁ የእኛ አገር ወገን የሆኑት እቴጌ ጣይቱም በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ይችሉ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ሴት ልጅ ቼዝ ስትጫወት «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችው» የሚል ጎረቤት ከመጣ ይህን ንገሪልኝ።

አሁን ወደ ልጅሽ። የሴቶቹ ውድድር ላይ አስመዝግቢያት። አንድ ደብተር ግዢላትና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ትጻፍበት፤ ቤት ስትመጣ የተሸነፈችባቸውን ቀድማ ታውጣቸው። ሰሌዳው ላይ ረጋ ማለቷን ስታዪ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚጫወቱበት ውድድር ላይ አስገቢያት። እዚያ ውጤቷን ብቻ አትጠይቂያት። እየመራች ሳለች «አቻ ይሁን» ብላ ጠይቃ እንደሆነ እዪ። ብዙ ልጆቼ ከወንድ ጋር ሲገጥሙ ይህን ያደርጋሉ፤ የሚስተካከለውም ደብተሩን ከፍተው «እዚህ ጋ ምን ፈርተሽ ነው?» ብለው ሲያወሯት ነው። አባቷ ቼዝ የሚችል ከሆነ ይህን ሥራ ለእሱ ስጪው።