በሶዬ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በሶ አሽጌ እሸጣለሁ። ለነፍሰ ጡሮች ብዬ የብረት ዱቄት በማንኪያ እየሰፈርኩ ቀላቀልኩበት። በሁለት ሳምንት ጠቆረ፣ ሚስማር ሚስማር አለ። ኮምቦልቻ የላክሁት ደግሞ ጭራሽ ጓጎለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እኔም ልጅ ሆኜ የእናቴን የብረት ክኒን ሻይ ውስጥ ጥዬ፣ ሻዩ ቀለም ሆኖብኝ ተገርፌያለሁ።

የገዛሽው ፌረስ ሰልፌት ይመስለኛል። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፣ ሰውነትም በደንብ ይቀበለዋል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው፤ የሚሟሟ ብረት አርፎ አይቀመጥም። ገብሱ ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ፖሊፌኖል ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ ያጠቁራል፣ ቅባቱንም ያሻግታል። ተራው ዓይነት ደግሞ በአንድ ሞለኪውል 7 የውሃ ሞለኪውል ይዟል። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ይለቅና ዱቄቱን ያጓጉላል። የደረቀው ዓይነት ይሻላል፤ መጥቆሩን ግን አያስቀርም።

እኔ ብሆን ፌሪክ ፓይሮፎስፌት የሚባለውን ሌላ የብረት ዓይነት እሞክር ነበር። ነጣ ያለ ነው፣ ቀለም አይቀይርም፣ ጣዕሙም ብዙ አይታወቅም። ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ሥር ይዘቅጣል፤ ለጭማቂ አይሆንም። በሶ ግን መቼም ሳይበጠበጥ አይጠጣ! ሰውነት የሚቀበለው ከሰልፌቱ ያነሰ ስለሆነ ዱቄቱ በጣም የላመ ይሁን። ሲጠጣ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ቫይታሚን ሲው ያግዛል።

በማንኪያ መስፈሩን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። ብረት ሲበዛ ሕፃን ይገድላል። ነፍሰ ጡሯም ከጤና ጣቢያ ክኒን እየወሰደች ይሆናል። መጠኑን የምግብ ባለሙያ በሚዛን ያውጣልሽ፤ እስከዚያ ንጹሑን በሶ ሽጪ።