ከትንሿ ደሴት ክለብ መጀመር

ጥያቄ፦ ፉትቦል ማናጀር የተባለውን የእግር ኳስ አሰልጣኝነት የኮምፒውተር ጨዋታ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በገርንሲ ደሴት ክለብ ልጀምር ብዬ ብፈልግ ከዝርዝሩ አጣሁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨዋታው እንግሊዝን የሚከፍተው እስከ 6ኛው እርከን ብቻ ነው፤ በእንግሊዝ ሊግ የምትጫወተው ገርንሲ ደግሞ ከዚያ በታች ናት። የጨዋታው አፍቃሪዎች የሚያዘጋጁትን የታችኛ ሊጎች ፋይል አውርደህ፣ አዲስ ጨዋታ ከመክፈትህ በፊት አስገባው። እኔ ይህን ክለብ ከልቤ ነው የምወደው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የደሴቷ ልጅ፣ የቀድሞው የሳውዝሃምፕተን ኮከብ ማት ለ ቲሲየር እንኳ ጫማ ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ፣ በ2013፣ ለክለቡ ተመዝግቧል። ስጀምር ገንዘብ ስላልነበረኝ ነፃ ተጫዋቾችንና በውሰት የሚመጡ ወጣቶችን ሰበሰብኩ። አሰላለፌ 4-4-2 ነበር፤ ግቦቼን ያገኘሁት ግን የማዕዘን ምት ልምምድ በማብዛት ነው። አጥቂ ከመፈለግህ በፊት ረጅም ተከላካይ ፈልግ።