ያደናችሁትን ዳክዬ ሳሎን ውስጥ ለማስቀመጥ ለምትፈልጉ

አሜሪካ ውስጥ አደን የሚወጣ የኛ ሰው አይጠፋም። የሥራ ባልደረባ ይጋብዛል፣ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ረግረግ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ አረንጓዴ የሆነ ማላርድ የሚባል ዳክዬ ይወድቃል። ከዚያ ልብ ይሸፍታል። «ይሄንስ ድስት ውስጥ አይገባም፣ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው» ይባላል።

መስቀል ይቻላል። ግን ይህ ነገር ሕግ አለው፣ ሕጉም ቀልድ አያውቅም። ስለኛ የሚያሰጋኝ ደግሞ ክፋታችን ሳይሆን ደግነታችን ነው። «አምጣው እኔ ጋ ይቀመጥ»፣ «እኔ እሠራልሃለሁ»፣ «ይሄን ላንተ ሰጥቼሃለሁ» ማለት እንወዳለን። በወፍ ጉዳይ ሰው የሚጠመደው እነዚህ ላይ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። በ1916 አሜሪካ ካናዳን ወክላ ከቀረበችው ብሪታኒያ ጋር የስደተኛ ወፎች ስምምነት ፈረመች። ያኔ ወፍ ለሥጋውም፣ ለሴቶች ባርኔጣ ላባም እየተባለ ያለ ገደብ ይጨፈጨፍ ነበር። ስምምነቱን የሚያስፈጽመው የፌዴራል ሕግ በ1918 ወጣ። በኋላ ከሜክሲኮ፣ ከጃፓንና ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተደረጉ ስምምነቶች ተጨመሩበት። ዛሬ ከ1,000 በላይ የወፍ ዝርያዎችን ይጠብቃል። ወፉን ብቻ አይደለም፤ ላባውን፣ እንቁላሉን፣ ጎጆውንም ጭምር ነው። መነሻው ክልከላ ነው። የአደን ደንቡ የሚያደርገው ለጥቂት ዝርያዎች፣ ለተወሰነ ወቅት፣ በቁጥር ተለክቶ በር መክፈት ነው። በዚያ በር ያልገባ ወፍ ቤታችሁ ሊኖር አይችልም።

ስለዚህ መስኮት ጋር ተጋጭቶ የሞተ ወፍ፣ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ጉጉት፣ ልጃችሁ ፓርክ ውስጥ ያነሳው የጭልፊት ላባ፣ «እኔ አልገደልኩትም» ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም። ሕጉ ማን ገደለው ብሎ አይጠይቅም፤ እጃችሁ ላይ መገኘቱ ይበቃዋል። ለልጅ ማስረዳቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ላባውን እዚያው ተዉት።

አሁን ወደ ዳክዬው። በሕጋዊ መንገድ ያደናችሁትን የራሳችሁን ወፍ ራሳችሁ ቆዳውን ከነላባው ገፋችሁ፣ ቅርጽ ላይ አልብሳችሁ ብታደርቁት የፌዴራል የታክሲደርሚ (የሞተን እንስሳ ቆዳ አድርቆ ቅርጹን የማቆየት ሥራ) ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለሌላ ሰው ሲሠራ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዩቲዩብ አይታችሁ እጃችሁን አፍታታችሁ እንበል፤ የመጀመሪያው ዳክዬ አምሮ ወጣ። ጓደኛችሁ «የኔንም ሥራልኝ» ይላል። ሳንቲም ባትቀበሉም የሌላ ሰው ወፍ ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ፈቃድ የሚጠይቅ አገልግሎት ሰጣችሁ ማለት ነው። በነፃ መሆኑ አያድናችሁም። አንዳንድ ስቴቶች ደግሞ ከፌዴራሉ ሌላ የራሳቸው የታክሲደርሚ ላይሰንስ አላቸው፤ ያንን ከስቴታችሁ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ሥራውን ለባለሙያ ከሰጣችሁ መጀመሪያ የፌዴራል ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የደንቡ ባለሙያ አይከፋውም። እንዲያውም እሱ ራሱ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የወፉን ዓይነትና የተገደለበትን ቀን ይጠይቃችኋል፤ መዝግቦ የመያዝ ግዴታ አለበትና። «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ዝም ብለህ ጣለው» የሚላችሁ ካለ ዳክዬያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ታግ፣ ማለትም ወፉ ላይ የሚታሰረው መለያ ካርድ ነው። ያደናችሁትን ወፍ ከቤታችሁ ውጪ የትም ስታስቀምጡ፣ ወይም ለማንም ሰው ለማጽዳት፣ ለማጓጓዝ፣ ለማቆየትም ሆነ ለታክሲደርሚ ስትሰጡ፣ ወፉ ላይ ታግ መኖር አለበት። ታጉ ላይ አራት ነገር ይጻፋል፦ የአዳኙ ፊርማ፣ የአዳኙ አድራሻ፣ ወፎቹ ስንት እንደሆኑ በየዝርያቸው፣ የተገደሉበት ቀን። ልዩ ፎርም የለውም። ጠንከር ያለ ካርቶን ቀዳችሁ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ጽፋችሁ፣ እግሩ ላይ በክር ብታስሩት ይበቃል። እርሳስ ፍሪዘር ውስጥ ሳይጠፋ ይቆያል የሚሉ አሉ፤ ለማንኛውም የሚነበብ ይሁን።

አሁን ደግነቱ እንዴት ጣጣ እንደሚያመጣ እዩት። አራት ሆናችሁ ወጣችሁ፣ አንዱ ትልቅ መኪና ስላለው የሁሉም ወፍ እሱ መኪና ላይ ተጫነ። ጌም ዋርደኑ (የአደን ሕግ ተቆጣጣሪው) ያስቆመዋል። ታግ ከሌለ የማን የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ሹፌሩ ከገደቡ በላይ ይዞ የተገኘ ሰው ይሆናል። አንድ ቤት ፍሪዘር ውስጥ የሦስት ሰው ዳክዬ ማጎርም ያው ነው። ስጦታም ቢሆን በሰጪው ወይም በተቀባዩ ቤት ካልሆነ በቀር ያለ ታግ እጅ መቀያየር የለበትም። ደግሞ ወፉ ቤት እስኪደርስ ድረስ ጭንቅላቱ ወይም አንድ ሙሉ ላባ ያለው ክንፉ ከአካሉ መለየት የለበትም፤ ዝርያው የሚታወቀው በሱ ነው። ለታክሲደርሚ ለምትፈልጉት ይህ ችግር አይሆንም፣ መቼም ሳይነካ ነው የምትወስዱት።

ስለማቆየቱ ትንሽ ልበል፣ ሕግ ባይሆንም። ላባው እንዳይበላሽ አንገቱን አትጠምዝዙ፣ ሆዱን አትክፈቱ። ደሙን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጭንቅላቱን ወደ ጎኑ አጥፋችሁ፣ ከጭንቅላቱ በኩል ጀምራችሁ ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ውስጥ አስገቡት፤ ላባው ሁሉ ተኝቶ ይገባል። ከዚያ ፌስታል፣ አየሩን አስወጥቶ ፍሪዘር። ታጉ ከውጭ ይታይ። ደግሞ አትቸኩሉ፦ በወቅቱ መጀመሪያ የሚገኘው ወንድ ዳክዬ ብዙ ጊዜ ላባው ገና አልሞላም፤ ለሳሎን የሚሆነው ዘግይቶ ነው። እግሩ ላይ የብረት ቀለበት ካገኛችሁ ቁጥሩን ለአሜሪካ የወፍ ምልክት ላቦራቶሪ አሳውቁ፤ ቀለበቱ የእናንተው ነው፣ የት እንደታሰረም ይነግሯችኋል።

ወፉ ሲገደል ሕጋዊ ካልነበረ ታክሲደርሚው ሕጋዊ አያደርገውም። ዳክዬና ዝይ ለማደን ከስቴቱ ላይሰንስ ሌላ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ 25 ዶላር የሚያወጣው የፌዴራል ደክ ስታምፕ (የውሃ ወፍ አደን ቴምብር) ያስፈልጋል። የወረቀቱን ከያዛችሁ ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ ፈርሙበት። የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፎች ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተከለከለ ነው።

መሸጥ? አይሆንም። ያደናችሁትን ስደተኛ ወፍ አድርቃችሁ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ማውጣት ራሱ ጥፋት ነው። ሕጉን መጣስ እስከ 15,000 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስር ያስቀጣል፤ አውቆ መሸጥ ደግሞ ከባድ ወንጀል ይሆናል። ጋራዥ ሴል ላይ የደረቀ ንስር በርካሽ ብታዩ ንክች እንዳታደርጉት። ንስር የራሱ ሕግ አለው፣ ከ1940 ጀምሮ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ እስከ 100,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ይደርሳል።

ፌዛንትና ተርኪ በስደተኛ ወፎች ሕግ ውስጥ የሉም፤ የስቴቱ ደንብ ነው የሚገዛቸው። ከውጭ የገቡት ቤት ድንቢጥ፣ የአውሮፓ ስታርሊንግና የከተማ ርግብም እንዲሁ። ታክሲደርሚ መማር ለሚፈልግ ሰው ከስታርሊንግ መጀመር ብልህነት ነው።

ከሁሉ ጠንከር አድርጌ የምናገረው ዜግነት ላላገኛችሁት ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ላይሰንስ መያዝ ነው። የጓደኛን ጠመንጃ ለአንድ ተኩስ መቀበልም መያዝ ነው። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻው ተይዛችሁ ወይም ተከሳችሁ ታውቁ እንደሆነ እንደሚጠይቅ አስታውሱ። ጌም ዋርደን ሕግ አስከባሪ ነው፤ የሚጽፈው ክስ «የወፍ ነገር ነው» ተብሎ አይታለፍም። መቀጮ ከፍላችሁ የጨረሳችሁት ጉዳይ ቢኖርም ወረቀቱን አትጣሉ።

ዳክዬው ተሠርቶ ሲመጣ ታጉን፣ የዚያን ዓመት ላይሰንስ ኮፒና የባለሙያውን ደረሰኝ አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ከተሰቀለበት እንጨት ጀርባ ለጥፉት። ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወሩ ወፉና ፖስታው አብረው ይጫኑ።