የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ቱቦላሬው ይበሳል

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በአንድ የበርና መስኮት ሥራ ቤት ብየዳ እየተማርኩ ነው። 6013 የሚባለው ዓይነት ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ገና ብረቱን ሲነካ ይጣበቅብኛል። አምፔር ስጨምር ደግሞ የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ይበሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሮቹ የተለያዩ ናቸው፤ በአምፔር ብቻ አይፈቱም። ኤሌክትሮድ የሚጣበቀው አምፔር ሲያንስ ብቻ አይደለም። የማሳው (ከማሽኑ መጥቶ የሚበየደውን ብረት የሚይዘው ገመድ) መቆንጠጫ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተያዘም፣ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከጠጣም ይጣበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሳው የሚያዝበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በግራይንደር ያጽዱ። ከዚያ ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጫር አድርገው ወዲያው ትንሽ ከፍ ያድርጉት። በጫፉና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት፣ ማለትም ከ2.5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ሲርቅ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ስፌቱም (የብየዳው መስመር) ይበላሻል።

የመብሳቱ ዋና ምክንያት አንድ ቦታ መቆየት ነው። ሌላው ደግሞ በደንብ ያልገጠመ አቆራረጥ ነው፤ ክፍተቱን በኤሌክትሮድ ለመሙላት የሚሞክር ሁሉ ብረቱ ይበሳበታል። ቆርጠው አስተካክለው ያጋጥሙ። በዚህ ኤሌክትሮድ ከ60 አምፔር ጀምረው በቁራጭ ብረት ላይ ይሞክሩ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ካገኙ ግን ለዚህ ውፍረት እሱ ይመረጣል፤ ከ40 እስከ 60 አምፔር ይበቃዋል። ማሽኑ ኢንቨርተር (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መሰኪያ ያለው) ከሆነ የኤሌክትሮዱን መያዣ በኔጌቲቭ በኩል ይሰኩ፤ ለስስ ብረት ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ይቀንሳል። አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በይደው ወደ ሌላ ማዕዘን ይሂዱ፤ ያኛው እስኪመለሱ ይቀዘቅዛል።

ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ንብርብሩን ከስፌቱ አካባቢ አስወግደው አየር ባለበት ይበይዱ። ጭሱ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ይህን ቀላል አድርገው አይዩት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምሠራው። 90 በ210 ሳንቲ ሜትር የሆነ የበር ፍሬም ስበይድ ይጣመምብኛል። ለምን?

መልስ፦ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ አጠገቡ ያለውንም ይስባል። አንዱን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ በይደው ወደ ቀጣዩ ከሄዱ ፍሬሙ ወደዚያ ይሳባል። አራቱንም ማዕዘኖች መጀመሪያ በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ይያዙ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፍ በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱም እኩል፣ ወደ 228.5 ሳንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አሁኑኑ ያስተካክሉ፤ በኋላ መዶሻ ነው የሚጠብቅዎ። ከዚያ ትይዩ ማዕዘኖችን እያፈራረቁ ይበይዱ። በደሴ ክረምት እርጥበት እንዳይጠጣ ኤሌክትሮዱን ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ይያዙ፤ ከወለል ላይ አያስቀምጡት።