የጣውላ ወለሉን መላጊያ ማሽን ከማስመታትሽ በፊት ሴራውን (የወለል ሰሙን) አውጪው

እህቴ፣ «የአያቴ ቤት ነው፣ ፒያሳ፤ የጣውላው ወለል ጠቁሮ ያጣብቃል፤ ማሽን ላስመታው ወይስ ነቅዬ ሴራሚክ ላስነጥፍ?» ያልሽውን አየሁ። ከስር የጻፉልሽንም አነበብኩ፤ ግማሾቹ ሴራሚክ ሻጮች ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ እንዳንቺው ባለ አሮጌ ቤት ነው የምኖረው። ወለላችን ከፎቶሽ ላይ ካለው ይብስ ነበር። ዛሬ እንግዳ ሳይነገረው ጫማውን ያወልቃል።

እንዳትነቅዪው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ያለው ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ ጥድ ወይም ዝግባ ነው። ከማይታይ ጥግ ላይ በቢላ ጫር አድርጊው፤ ቀላ ብሎ የእርሳስ መቅረጫ ሽታ ከሸተተሽ ጥድ ነው፣ ገረጣ ያለና ሽታ የሌለው ከሆነ ዝግባ። እነዚህን ዛፎች ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ተከልክሎ ነበር፣ ዋንዛና ኮሶም አብረው። ስለዚህ ነቅለሽ ከጣልሽው በኋላ ልተካው ብትይ የሚሸጡልሽ ባህር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ነው። አሁን ወደ ሥራው፤

1. ሴራው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን አትርሺ። ቤቱ ሐምሌ 1967 በአዋጅ 47 ከተወረሰ ወዲህ ወለላችንን የነካው አናጺ የለም፤ የነካው ሴራ ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሴራ፣ ለገና ሴራ፣ ለፋሲካ ሴራ፣ በየመሀሉ በነጭ ጋዝ መወልወል። ያንቺም አያት ይህንኑ እንዳደረጉ አልጠራጠርም፤ የሚያጣብቀው እሱ ነው።

ማሽን ይዞ የመጣው ሰውዬ ሰው ያመሰገነልኝ ነበር። ዋጋ በካሬ ተነጋገርን፣ ብርጭቆ ወረቀቱ በኔ። ገና በር ላይ «ልጄ፣ ይሄ የዘመናት ሴራ አለበት፣ መጀመሪያ አይነሳም?» ብዬዋለሁ። «እትዬ አያስቡ፣ ማሽኑ ይበላዋል» አለኝ። ሴራውንስ አልበላውም፣ እኔን ነው የበላኝ። ማሽኑ ሲሽከረከር ወረቀቱ ይግላል፤ ሴራው ይቀልጥና የወረቀቱን ፊት ይደፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨት መላጉ ቀርቶ የቀለጠ ሰም እንጨቱ ውስጥ እያሸ ያስገባል። ጥቂት ጣውላ ሳይሄድ «ወረቀት አለቀ»፣ ልጁ ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ እኔ እከፍላለሁ፤ ደግሞ «አለቀ»። በዚያው ላይ ቫርኒሽ ቀባልኝ። መጀመሪያ እንደ መስታወት አበራ። ሰንበትበት ሲል ግን በሩ አካባቢና ሶፋው ፊት በጥፍር የሚነሳ ቅርፊት ሆነ፤ ቫርኒሽ ሰም ላይ አይይዝማ! ስደውል «እትዬ፣ እንጨቱ ስላረጀ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። እንጨቱ ያረጀው እሱ ሲዋዋል አልነበረም መሰለኝ።

ሁለተኛውን ዙር ራሴ ከእህቴ ልጅ ጋር ሠራሁት። ስፓቱላ ይዘሽ የወፈረውን ሴራ ትፈቀፍቂዋለሽ። ከዚያ ጨርቅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) እያስነካሽ ሁለት ሁለት ጣውላ ታሺና ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ታነሺዋለሽ፤ ጨርቁ ሲጠቁር ቶሎ መቀየር ነው፣ አለዚያ ሰሙን ከቦታ ቦታ ማዛወር ይሆናል። መስኮት ክፍት፣ ከሰል የለ፣ ዕጣን የለ፣ ሲጋራ የለ። ጨርቁን ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው እንጂ አትከምሪው። በተለይ በኋላ የተልባ ዘይት ልቀባ ካልሽ፣ የተከመረ የዘይት ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ግሎ ይነዳል። መጨረሻ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጊበት። ኳስ ሠርቶ ከተቀመጠ ሰም አለ፤ ወደ ውስጥ ከገባና እንጨቱን ካጠቆረው ማሽኑ ይግባ።

2. ምስማሩ ሁሉ በመዶሻና በወፍራም ምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ ይቀበር። ብቅ ያለች አንዲት ራስ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ትቀደዋለች፤ የምትከፍዪው ደግሞ አንቺ ነሽ።

3. ማሽኑ። ብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር 40 (ሻካራው)፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 100፤ በጣውላው ርዝመት። እየዞረ አንድ ቦታ ከቆመ ጎድጓዳ ይሠራል፣ ጎድጓዳው ደግሞ የሚታይሽ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ የማታ መብራት ሲያርፍበት ነው። ጣውላው ወንዴና ሴቴ ገጠማ (የአንዱ ምላስ በሌላው ጎድጎድ የሚገባበት) ከሆነ ከወንዴው በላይ የቀረውን ውፍረት በስንጥቁ በኩል በቀጭን ምስማር ለኪው፤ ከሳሳ 40ውን ተዪው፣ ከ60 ጀምሪ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ጎረቤት እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ጠይቂ፤ ምጣድና ይህ ማሽን በአንድ መስመር አይሆኑም። እኛ ግቢ በዚህ ጉዳይ የተነሳው ጠብ አሁንም አልበረደም። ለአቧራው ነጠላ አፍንጫ ላይ ማድረግ አይበቃም፣ ደህና ማስክ ግዢ፤ ዳር ዳሩን የድሮ ቀለም ካለበት ደግሞ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሕፃናት ከቤት ይውጡ።

የበሰበሰ ጣውላ ካለ፣ መስኮት ስር መኖሩ አይቀርም፣ ከመቀየርሽ በፊት ውጪ ወጥተሽ መሠረቱን እዪ። ድንጋዩ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወለሉ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። እኛ ጋ ግቢው ሲሚንቶ ሲደረግ ደፍነዋቸው ኖሮ ስሩ ያለው ሞራሌ (ጣውላውን የተሸከመው እንጨት) እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ቀዳዳውን ሳትከፍቺ አዲስ ጣውላ ብታስገቢ እሱም ይበሰብሳል።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ጣውላ ለመቀየር በጽሑፍ ጠይቂ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያደረጉበትንም ቁጥር ያዢ። እኔ በቃል ጠይቄ «ጥገና ነው እድሳት?» ተባልኩ። ጥገና ስል «ጥገና ከሆነ ለምን መጣሽ?»፣ እድሳት ስል «ፕላን አምጪ»። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሻዩን እየጠጣ! ደብዳቤ ሳስገባ ግን ያው ሰው «እማማ» እያለ ፈረመልኝ።

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ይሁን። ክረምት ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅም። በበጋ በጣውላዎቹ መሀል የምታዪውን ክፍተት ደግሞ ስቱኮ እንዳትሞዪው፤ ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሲያብጥ ሰባብሮ ይተፋዋል። የምስማር ቀዳዳውን ብቻ ከራሱ ወለል በወጣ ደቃቅ ሰጋቱራና በኮላ ድፈኚ። ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ፣ ስስ ስስ፤ የመጀመሪያው በአኳራጅ የቀጠነ፣ በየመሀሉ በቁጥር 220 በእጅ ዳበስ።

ምትክ ጣውላ ከፈለግሽ፣ በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤታችን ገዝቶ ካስቀመጠው የተወሰነ ዝግባ እኔ ጋ ተርፏል። ያንቺን ውፍረትና ስፋት በሴንቲ ለክተሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከገጠመ መጥተሽ ውሰጂ።