ከላይ የተዘገነው 25 ግራም

ላብራቶሪያችን ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ወፍጮው ወረፋ አለው። ናሙናውን ሳልፈጭ ከከረጢቱ አፍ 25 ግራም ዘግኜ ብጀምር ምን አለበት?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ያንኑ አድርጌያለሁ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ነበር፣ አምስት ኪሎ ናሙና። ለአፍላቶክሲን፣ ሻጋታ ለሚያወጣው መርዝ፣ ምርመራ ያመጡት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ቸኩያለሁ። ከላይ ዘግኜ ፈጨሁ፣ በሜታኖልና በውሃ በጥብጬ አጣራሁ፣ ፈሳሹን መርዙን ይዞ በሚያስቀረው ቱቦ፣ በኮለሙ፣ ቀስ እያልኩ ጠብ ጠብ አደረግኩት። ማሽኑ ምንም አላየም። ፈረምኩ።

ይህ መርዝ እንደ ጨው እኩል አይሰራጭም። አንዲት የሻገተች ፍሬ ብዙ ትይዛለች፣ አጠገቧ ያለችው ንጹሕ ናት። ለዚህ ነው አምስቱም ኪሎ ደቅቆ ከተደባለቀ በኋላ 25 ግራሙ የሚነሣው።

ከወር በኋላ ሽማግሌው ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ የኔ፣ ሌላው የገዢው። አውሮፓ እንዲሁ ለሚበላ ኦቾሎኒ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው፤ የገዢው ወረቀት ከዚያ በላይ ይላል። አልጮኹም። «ልጄ፣ የቱ ነው የኔ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ሻግቶ ይሆናል» አልኳቸው። አመኑኝ።

ሲሄዱ የተረፈውን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ከታች አምስት ስድስት የተጨማደዱ፣ ቢጫ አረንጓዴ ዱቄት የለበሱ ፍሬዎች ወጡ። እናቴ ሰፌድ ላይ በዓይኗ ብቻ ትለቅማቸው የነበሩት ዓይነት። ለቅማ ለላሟ ነበር የምትሰጠው፤ መርዙ በወተት ተመልሶ እንደሚመጣ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ማሽኑን ከኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ወፍጮው ጋ የምትቆሙት ግን ጥቂት ናችሁ፣ ይሄ ያበሳጨኛል። ሪከቨሪ ሥሩ፣ ማለትም የታወቀ መጠን መርዝ ጨምራችሁ ስንት በመቶው እንደሚገኝ ፈትሹ፣ ብዬ አልመክራችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ግን 90 በመቶ ብታገኙም የሚናገረው ስለዚያች 25 ግራም ነው፤ ስለ ከረጢቱ ምንም አይልም። የኔም ያን ቀን ጥሩ ነበር። ኦቾሎኒ ሲፈጭ ሞቆ ዘይት ካወጣና ከተለጠፈባችሁ አረፍ እያደረጋችሁ ፍጩት፣ ወይም ውሃ ጨምራችሁ ሊጥ አድርጉት።

ልጅቷን «ወረፋሽን ጠብቂ» አልኳት። የሽማግሌው ስልክ መዝገቡ ላይ ነበር። አልደወልኩም።